ሐሙስ እስኪገባ

ደሞዝ የወጣው ረቡዕ ነው፤ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣
ዶሮ ገዝቶ ደግሞ ሐሙስን የሚጠብቅ የለም።
አሳርጄ፣ በፌስታል ይዤ፣ ዶሮ ማነቂያን ሳልፍበት
የሰፈሩ ስም አሳቀኝ፤ ለሟች ግን ምን ሳቅ አለበት።
እትዬ ሙላቷ፣ አከራዬ፣ ከደጃፏ ብቅ ብላ
“ዛሬ?” አለች። “ዛሬ?” ብቻ። አልጨመረችም ሌላ።

ሁለት ዓመት ፓቲያላ፣ ስታትስቲክስ ስማር፣
ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከአቧራማው መንገድ ዳር፣
ጉርዲያል የሚሉት ሰው፣ ጥምጣሙ ብርቱካን መሳይ፣
አፈር ውስጥ እስካንገቱ ከቀበረው ሸክላ ላይ
ዶሮ እያወጣ ይሸጥ ነበር፤ ቀይ፣ ጠርዙ የከሰለ።
ዲግሪዬን ይዤ መጣሁ፤ ጉድጓዱ ግን እዚያው አለ።
ሰው አገሩ ገብቶ ደግሞ የሰው አገር ይናፍቃል?
አገሩ እንኳ አይደለም፤ አንድ ጉድጓድ። ይኸም ያስቃል።

ያለኝ አንዲት ክፍል፣ ድስት፣ የሰው ክዳን፣ የከሰል ምድጃ፣
ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት፣ የማስተርሴ ማስረጃ።
ቆዳውን ገፈፍኩ፣ ተለተልኩት፣ አራት ቦታ ከፈልኩት።
“ዶሮ አራት ነው? የቀረውን ስምንት ብልት የት ጣልከው?”
መልስ አጣሁ። እኔ ስታትስቲክስ፣ እሷ ቁጥር ታውቃለች።

በሎሚና በጨው ሳሸው ዝም፤ እስከዚያ ተስማምተን ነበር።
እርጎው ሲመጣ ግን ተነሳች፣ ነጠላዋ እስኪበር፦
“ዶሮ በእርጎ? ጥጃ ነው እንዴ?”
ሳቄን ዋጥኩ ወደ ሆዴ።
ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ከሙንና ድንብላል፣
ቅላቱን ከየት ላምጣው ስል ከደጅ እጅ ይዘረጋል፦
ሁለት ማንኪያ በርበሬ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ።
“በርበሬ ጾም አይገድፍም” አለች፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ውሎ።

ጁሃር፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣ የቸርኬ ሽቦ ሰጠኝ አምስት፤
በአመድ ፈተግኳቸው፣ ቀቀልኳቸው በፈላ ድስት።
እኛ ያረድነውን አይበላም። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ፣
ሽቦው ዶሮ ሳይነካው፣ ለሱ ድንች
በዚያው ቅመም ለውሼ ጠበስኩ።

ታንዱሩስ? ግቢው ጥግ ታችዋ የረገፈ እንስራ አለች፣
እትዬ ሙላቷ ጤና አዳም የተከለችባት። ራሷ ነቀለች፤
ሥሩን ከነአፈሩ ወደ ዘይት ቆርቆሮ አዛወረችና
“ቤቴን እንዳታቃጥል ብዬ ነው” አለች፣ ሳይጠይቃት ማንም ገና።

እንስራዋን ምድጃው ላይ አቆምኳት፤ ድንቹ ሰመረ።
ከዶሮው የመጀመሪያው ቁራጭ ተንሸራቶ አመድ ላይ ወደቀ፣
ሁለተኛው ከላይ ከሰለ፣ ከውስጥ ደሙ አልደረቀ።
ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ ሕፃናቱ አስነጠሱ፣ ሳሉ፣
“የህንዱ ቤት ተቃጠለ!” እያሉ ይሯሯጣሉ።

ያኔ ነው እትዬ ሙላቷ፣ አፍንጫዋን በነጠላ ይዛ፦
“ክደነው! ጭሱን ለሰማይ ምን ትገብራለህ እንደዋዛ?
የወተት ዕቃ ሲታጠን አላየህም?”
ፍሙ ላይ ቅቤ ጠብ አደረግኩ፣ አፏን በሰው ክዳን ገጠምኩ።
ግቢው ዝም አለ። እኔም ዝም።
ከዚያ ያ ሽታ መጣ።
ፓቲያላ ነው አልልም፤ የፓቲያላ የአጎት ልጅ እንጂ።

ጁሃር ድንቹን በዳቦ፣ እኔ ዶሮዬን በባዶ በላን።
እሷ በሯን ዘጋች። ራዲዮ ከፈተች፣ ከፍ አድርጋ፣
ሽታ በድምፅ የሚመለስ ይመስል።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሳህን ይዛለች።
“ገባ።”
“ማን?”
“ሐሙስ ነዋ” አለች።
ጭኑን ሰጠኋት። ደጃፉ ላይ ቆማ በላች፣ እስከ አጥንቱ።
“ጨው አንሶታል” አለች፤
ሳህኑን እንደገና ዘረጋች።

ጠዋት አየሁ፤ ጤና አዳሙ እዚያው ቆርቆሮው ውስጥ ቀርቷል፤
እንስራዋ ታጥባ፣ በአፏ ተደፍታ፣ ፀሐይ ትሞቃለች።